ሱዛና ሳልተር

ሱዛና ማዶራ ሳልተር (እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1860 – ማርች 17 ቀን 1961) በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ ተመርጣ የከንቲባነት ሥራ በመሥራት የመጀመሪያዋ ሴት በመሆን የምትታወቅ ናት። የተመረጠችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1887 (መጋቢት 27 ቀን 1879 ዓ.ም.) ሲሆን፣ ከተማዋ በካንሳስ ክፍለ ሀገር፣ በሰምነር አውራጃ የምትገኘው ትንሿ አርጎኒያ ነበረች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 27 ዓመት ነበር። ስሟን በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ያስገቡት ሊሳለቁባት የፈለጉ ወንዶች ነበሩ። እርሷ ግን ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰ ድምፅ አግኝታ አሸነፈች፤ የአንድ ዓመት የሥራ ዘመኗንም እስከ መጨረሻው አገለገለች።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

ሱዛና የተወለደችው በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በቤልሞንት አውራጃ ነው። አባቷ ኦሊቨር ኪንሲ፣ እናቷ ደግሞ ተሪሳ አን ዋይት ኪንሲ ይባላሉ። ቤተሰቡ የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበር። ኩዌከሮች በስብሰባዎቻቸው ሴቶች ቆመው እንዲናገሩ ከጥንት ጀምሮ የሚፈቅዱ የፕሮቴስታንት ማኅበረ ምእመናን ናቸው።

በ1872 ሱዛና 12 ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደ ካንሳስ ተዛውሮ በሲልቨር ሌክ አቅራቢያ በ80 ኤከር የእርሻ መሬት ላይ ሰፈረ። በ1878 በማንሃታን ከተማ ወደሚገኘው የካንሳስ ክፍለ ሀገር የግብርና ኮሌጅ ገባች። ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ግን ስለታመመች ለማቋረጥ ተገደደች።

በኮሌጁ ሳለች ከሉዊስ አሊሰን ሳልተር ጋር ተዋወቀች። የሉዊስ አባት ሜልቪል ሳልተር በ1870ዎቹ የካንሳስ ምክትል አገረ ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። ሱዛናና ሉዊስ በ1880 ተጋቡ።

ወደ አርጎኒያ መምጣት

ባልና ሚስቱ በ1882 ወደ አርጎኒያ መጡ። ከተማዋ ገና መቆርቆሯ ነበር። ሉዊስ የግንባታና የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ ኃላፊ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በ1883 ሱዛና የወለደችው ልጅ በከተማዋ የተወለደ የመጀመሪያው ሕፃን ስለሆነ አርጎኒያ የሚለው ስም በስሙ ላይ ተጨመረለት። በ1884 ወላጆቿም ወደዚያው መጥተው ሰፈሩ፤ አባቷና ባሏም ሱቁን በጋራ ገዙት።

አርጎኒያ በ1885 በሕግ የከተማነት መብት ስታገኝ የመጀመሪያው ከንቲባ ሆነው የተመረጡት የሱዛና አባት ኦሊቨር ኪንሲ ነበሩ። ባሏ ሉዊስም የከተማዋ ጸሐፊ ሆነ። ሉዊስ በዚያው ጊዜ ጠበቃ ለመሆን ሕግ ያጠና ነበር። ስለዚህ ሱዛና ራሷ ሥልጣን ከመያዟ በፊት ለከተማ አስተዳደር ሥራ እንግዳ አልነበረችም። የከንቲባውና የጸሐፊው ሥራ ሁለቱም በቅርብ ዘመዶቿ እጅ ነበር።

ሱዛና የሴቶች ክርስቲያናዊ የመታቀብ ኅብረት የአርጎኒያ ቅርንጫፍ ንቁ አባል ነበረች። ይህ ኅብረት በዚያን ጊዜ የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ የሚታገል ትልቅ አገር አቀፍ ድርጅት ነበር። ካንሳስ በ1880 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ አስካሪ መጠጥን ከልክላ ነበር። ነገር ግን ክልከላው በየከተማው መከበሩ በአካባቢው ሹማምንት ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሆነ። ከንቲባውና የፖሊስ ኃላፊው አይተው እንዳላዩ ካለፉ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር። የኅብረቱ ሴቶች በከተማ ምርጫ ላይ ትኩረት ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው።

የ1887 ሕግ

የካንሳስ ሴቶች ከ1861 ጀምሮ በትምህርት ቤት ጉዳዮች ላይ ድምፅ የመስጠት መብት ነበራቸው። በ1867 ሙሉ የምርጫ መብት ለሴቶች ለመስጠት የቀረበው የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ ግን ወድቋል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1887 መጀመሪያ ላይ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሌላ መንገድ መረጠ። ሴቶች በከተማ አስተዳደር ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ፣ ለከተማ ሹመትም እንዲመረጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ የአገረ ገዥውን፣ የክፍለ ሀገሩን ምክር ቤትና የፌዴራሉን መንግሥት ምርጫ አይመለከትም ነበር።

ይህ ገደብ የራሱ ትርጉም ነበረው። ብዙ ሕግ አውጪዎች የከተማ ጉዳይ ለቤት ጉዳይ የቀረበ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የመንገድ ንጽሕና፣ የመጠጥ ቤት ቁጥጥር፣ የሕፃናት ደኅንነትና የመሳሰሉት ሴቶችን በቀጥታ የሚነኩ ጉዳዮች ናቸው። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ሴቶች ድምፅ ቢሰጡም የባሎቻቸውን ድምፅ ከመድገም አያልፉም፣ ሥልጣን ቢይዙም ይዘው መምራት አይችሉም ይሉ ነበር። ስለዚህ ሕጉ ከወጣ በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያው የከተማ ምርጫ ለሁለቱም ወገን መፈተኛ ነበር።

የአንድ ትንሽ ከተማ ሹማምንት ሥራ

በጊዜው በካንሳስ ሕግ ከተሞች በሕዝብ ብዛታቸው በሦስት ደረጃ ይከፈሉ ነበር። አርጎኒያ ከ2,000 በታች ነዋሪ ካላቸው የሦስተኛ ደረጃ ከተሞች አንዷ ነበረች። እንዲህ ያሉት ከተሞች በየዓመቱ በኤፕሪል ወር የመጀመሪያ ሰኞ ምርጫ ያካሂዱ ነበር። የሥልጣን ዘመኑም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሥራው በሚከተሉት ሰዎች መካከል የተከፋፈለ ነበር።

ከንቲባ፦ የምክር ቤቱን ስብሰባ ትመራለች፤ የወጡ ደንቦች በሥራ ላይ መዋላቸውን ትከታተላለች፤ በሰነዶች ላይ ትፈርማለች። በስብሰባ ላይ ድምፅ የምትሰጠው የአባላቱ ድምፅ እኩል ሲከፈል ነው። በመሆኑም የከንቲባ ሥልጣን ከማዘዝ ይልቅ ማስማማትን የሚጠይቅ ነበር።

የምክር ቤት አባላት፦ አምስት ነበሩ። የከተማዋን ደንብ የሚያወጡት፣ ቀረጥና ክፍያ የሚወስኑት፣ ወጪን የሚያጸድቁት እነርሱ ናቸው።

የፖሊስ ዳኛ፦ የከተማ ደንብ የጣሱ ሰዎችን ጉዳይ አይቶ የሚቀጣ ወይም የሚያሰናብት።

ጸሐፊ፦ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ደንቦችንና ሰነዶችን የሚያስቀምጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ የከተማዋን ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስቀምጥና በትእዛዝ የሚከፍል።

ማርሻል፦ ጸጥታ የሚያስከብርና ደንብ ተላላፊዎችን የሚይዝ።

የእነዚህ ሰዎች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሰፊ አልነበረም። በእንዲህ ዓይነት ከተሞች ምክር ቤት የሚቀርበው በመንገድ ላይ የሚለቀቁ ከብቶች፣ የእግረኛ መንገድ ጥገና፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ የባለጋሪዎችና የነጋዴዎች ፈቃድ፣ የጎረምሶች ረብሻና የመሳሰለው ነበር። ይሁን እንጂ ነዋሪው በየቀኑ የሚያገኘው መንግሥት ይኸው ስለነበረ፣ ሥራው በደንብ መሠራቱ ወይም አለመሠራቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

የምርጫው ዋዜማ

የአርጎኒያ የመታቀብ ኅብረት ሴቶች አዲሱን መብታቸውን ለመጠቀም ወስነው ከምርጫው በፊት ስብሰባ ጠሩ። የኅብረቱ ሊቀ መንበር ስላልነበረች ስብሰባውን የመራችው ሱዛና ሳልተር ናት። ሴቶቹ ለመጠጥ ክልከላው ይቆማሉ ያሏቸውን ሰዎች መርጠው የዕጩዎች ዝርዝር አወጡ። በዝርዝሩ ላይ የነበሩት ሁሉም ወንዶች ነበሩ።

ሴቶች በፖለቲካ መግባታቸው ያናደዳቸው ሃያ ያህል የከተማዋ ወንዶች ደግሞ በድብቅ ተሰበሰቡ። እነርሱም የሴቶቹን ዝርዝር እንዳለ ወስደው አንድ ስም ብቻ ለወጡ። በከንቲባው ዕጩ ፋንታ የሱዛና ሳልተርን ስም አስገቡ። የኅብረቱ ባለ ሥልጣናት ከነበሩት መካከል በከተማዋ ክልል ውስጥ የምትኖርና ለሹመቱ ብቁ የሆነች ሴት እርሷ ነበረች። የሰዎቹ ስሌት ቀላል ነበር። ከኅብረቱ ጥቂት አባላት በስተቀር ማንም አይመርጣትም፤ ሽንፈቷም ሴቶቹን የከተማው መሳቂያ አድርጎ ከፖለቲካ ያስወጣቸዋል ብለው አሰቡ።

ይህ ተንኮል የተቻለው በዘመኑ የምርጫ ሥርዓት ምክንያት ነው። መንግሥት ያሳተመው አንድ ወጥ የድምፅ መስጫ ወረቀት በካንሳስ ገና አልተጀመረም ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ዕጩዎች ስም በወረቀት አሳትሞ ለመራጮች ያድላል፤ መራጩም የወደደውን ወረቀት በሣጥን ውስጥ ይከታል። ዕጩዎች አስቀድመው መመዝገብም ሆነ ፈቃዳቸውን መስጠት አያስፈልጋቸውም። በዚህ የተነሣ ሱዛና ለከንቲባነት መታጨቷን ሳታውቅ የምርጫው ቀን ነጋ።

የምርጫው ቀን

ሰኞ ኤፕሪል 4 ቀን ማለዳ ወደ ድምፅ መስጫው የሄዱ ሰዎች የሱዛናን ስም አይተው ተደነቁ። በማለዳ ለመምረጥ የሄደው ባሏ ሉዊስም ያለ እርሱና ያለ እርሷ ዕውቀት ስሟ በወረቀቱ ላይ መታተሙን ሲያይ ተናደደ።

የከተማዋ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰዎችም ወዲያው መልእክተኞች ወደ ቤቷ ላኩ። መልእክተኞቹ ሲደርሱ ሱዛና ልብስ በማጠብ ላይ ነበረች። የተደረገውን ነግረው፣ ብትመረጥ ሥራውን ትቀበል እንደሆነ ጠየቋት። እርሷም እንደምትቀበል መለሰችላቸው። ፓርቲው በዚህ ጊዜ ድጋፉን ሊሰጣት ወሰነ። የኅብረቱ ሴቶችም ቀደም ብለው ያጩትን ሰው ትተው ድምፃቸውን ለእርሷ ሰጡ። ሱዛና ራሷ ከሰዓት በኋላ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄዳ መረጠች።

ድምፁ ሲቆጠር ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርሷን መምረጡ ታወቀ። ለማሳፈሪያ የታሰበው ወረቀት የከተማዋን ከንቲባ መረጠ።

የሱዛና መልስ ለምርጫው ውጤት ወሳኝ ነበር። እንቢ ብትል ኖሮ የተሳላቂዎቹ አሳብ ይፈጸም ነበር፤ ሴት ብትመረጥም ሥልጣን አትይዝም የሚለው አባባልም ምስክር ያገኝ ነበር። ሉዊስም ውሎ አድሮ ነገሩን ለመደው፤ የከንቲባዋ ባል ተብሎ በመጠራቱም ይቀልድ እንደነበር ይነገራል።

የሥራ ዘመን

አዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባውን ያደረገው በዚያው በኤፕሪል ወር ነው። አምስቱም የምክር ቤት አባላት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ሰብሳቢ ምን ልታደርግ እንደምትችልም አልታወቃቸውም። ሱዛና ስብሰባውን ከከፈተች በኋላ ከተማዋን የሚመለከት ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን የተመረጡት የምክር ቤት አባላት መሆኑን፣ የእርሷ ድርሻ ደግሞ ስብሰባውን መምራት እንደሆነ በመግለጽ ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ ጋበዘቻቸው። ይህ አነጋገር ትሕትና ብቻ አልነበረም። ከላይ እንደተገለጸው የከንቲባ ሥልጣን በሕግ የተወሰነው በዚሁ ልክ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዓመት ጸጥ ያለ ነበር። ምክር ቤቱ በመደበኛ ጊዜው ይሰበሰብ፣ ጉዳዮችን ተራ በተራ ያይ፣ ይወስን ነበር። የከተማዋ ዋና ዋና ደንቦች በቀደሙት ሁለት ዓመታት ስለወጡ የሚበዛው ሥራ የወጣውን ማስከበር ሆነ። ከምክር ቤቱ አባላት ጋርም ይህ ነው የሚባል ጠብ አልተፈጠረም። ለአንድ ዓመት አገልግሎቷ የተከፈላት ደመወዝ 1 ዶላር ነበር።

በዚህ ጊዜ ሱዛና የትንንሽ ልጆች እናት ነበረች። በሥልጣን ላይ ሳለችም አንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ ግን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ይህም ሆኖ የሥራ ዘመኗን አላቋረጠችም።

የዜናው መሰራጨት

የአርጎኒያ ምርጫ ዜና በአጭር ጊዜ ውስጥ በመላው አሜሪካ፣ ከዚያም አልፎ በሌሎች አገሮች ጋዜጦች ላይ ወጣ። ከኒው ዮርክ ድረስ አንድ የጋዜጣ ዘጋቢ መጥቶ የምክር ቤቱን ስብሰባ ተከታትሏል። ዘገባው ስለ አለባበሷና ስለ ባርኔጣዋ ሳይቀር የሚተርክ ቢሆንም ስብሰባ የመምራት ችሎታዋን አልሸሸገም። ከልዩ ልዩ ቦታዎች ብዙ ደብዳቤዎች ደረሷት። ግማሾቹ የደስታ መግለጫ፣ ግማሾቹ ደግሞ ወደ ቤቷ እንድትመለስ የሚመክሩ ወይም የሚሳለቁ ነበሩ። የመታቀብ ኅብረቱ አገር አቀፍ መሪ ፍራንሲስ ዊላርድ የደስታ መልእክት ከላኩላት መካከል አንዷ ናት።

በዚያው ዓመት መጸው የካንሳስ የሴቶች የእኩል ምርጫ መብት ማኅበር በኒውተን ከተማ ጉባኤ ሲያደርግ ሱዛና በእንግድነት ተገኝታለች። በዚያም በሴቶች የምርጫ መብት ትግል ስመ ጥር ከነበረችው ከሱዛን አንተኒ ጋር ተገናኝታለች።

የሌሎች ከተሞችም ምርጫ ትኩረት ስቧል። በዚያው በ1887 በምዕራብ ካንሳስ በምትገኘው ሲራኪዩስ ከተማ የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ ሴቶች ሆነው ተመረጡ። በቀጣዩ ዓመት በ1888 ደግሞ በኦስካሉሳ ከተማ ከንቲባዋም የምክር ቤት አባላቱም ሁሉም ሴቶች ሆኑ።

ከሥልጣን በኋላ

የሥራ ዘመኗ በ1888 ሲያበቃ ሱዛና ለሁለተኛ ጊዜ መወዳደር እንደማትፈልግ አስታወቀች። ከዚያም በኋላ ሌላ የፖለቲካ ሥልጣን አልያዘችም።

በ1893 በዛሬዋ ኦክላሆማ የሚገኘው የቼሮኪ መሬት ለሰፋሪዎች ሲከፈት ሉዊስ በአልቫ ከተማ አቅራቢያ የእርሻ ቦታ ያዘ፤ ቤተሰቡም ወደዚያ ተዛወረ። ወደ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ ኦገስታ፣ ቀጥሎም ወደ ካርመን ከተማ ሄዱ። ሉዊስ በጥብቅና ይሠራ፣ ጋዜጣም ያሳትም ነበር። በ1916 ሉዊስ ሲሞት ሱዛና ታናናሽ ልጆቿ ወደሚማሩበት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ወደ ኖርማን ሄደች። ቀሪ ዘመኗንም በዚያው አሳለፈች። በጠቅላላው ዘጠኝ ልጆች ወልዳለች።

ሱዛና ሳልተር በኖርማን ከተማ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1961 (መጋቢት 8 ቀን 1953 ዓ.ም.) በተወለደች በ101 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው በአርጎኒያ ነው። በዕድሜዋ የካንሳስ ሴቶች በ1912 ሙሉ የምርጫ መብት ሲያገኙ፣ በ1920 ደግሞ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 19ኛ ማሻሻያ ጸድቆ የምርጫ መብት በጾታ እንዳይገደብ ሲደረግ ለማየት በቅታለች።

መታሰቢያ

በ1933 በአርጎኒያ የሕዝብ አደባባይ ለእርሷ መታሰቢያ የሚሆን የነሐስ ጽላት ተተከለ። በከንቲባነት ዘመኗ ትኖርበት የነበረው ቤት በ1971 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ የተመዘገበ ሲሆን፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል።

በታሪክ ያላት ቦታ

ስለ ሱዛና ሳልተር የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ በምርጫው ቀን ድንገተኛ ውጤት ላይ ያተኩራል። ሆኖም በዘመኑ ለነበረው ክርክር የበለጠ ክብደት የነበረው ቀጥሎ የመጣው ዓመት ነው። ሴት ከንቲባ ብትሆን ከተማ ይታወካል የሚሉ ሰዎች ማስረጃ ሲጠብቁ አርጎኒያ እንደ ወትሮዋ ተዳደረች። ስብሰባው በጊዜው ተካሄደ፣ ደንቡ ተከበረ፣ ሥልጣኑም በጊዜው ለተተኪው ተላለፈ። የሴቶች የምርጫ መብት ደጋፊዎች ከዚያ በኋላ ስለ ችሎታ ሲጠየቁ የሚጠቅሱት ነገር አገኙ። ያም ነገር ታላቅ ንግግር ወይም ታላቅ ሥራ አልነበረም፤ የአንድ ትንሽ ከተማ የአንድ ዓመት መደበኛ አስተዳደር ነበር።